በሚዞር ምድር ላይ ያለ ፈቃድ

ሰኞ ሰኞ ከአፋር ቆላ የሚመጣው ግመልና ከወሎ ደጋ የሚወርደው እህል በሚገናኙበት በባቲ ገበያ የቆመ ሰው፣ ምንም እንኳ ጽኑ መሬት የረገጠ ቢመስለው፣ ከነገበያው በየሰዓቱ ከ1600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይወሰዳል። ይህን የተሰወረ ጉዞ የሚገልጠው ባሕር ነው፤ ከባቲ ኬክሮስ ብዙም ሳይርቅ፣ በቦሳሶ ፊት ባለው የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ብርቱ ነፋስ ገፍቶት ድንገት ያረፈለት ውኃ፣ የሚገፋው ሳይኖር በተቀበለው ፍጥነት ይሄዳል፤ የምድር መዞርም ያለማቋረጥ ወደ ቀኝ ስለሚመልሰው፣ በ61 ሰዓት ያህል አንድ ክበብ ይፈጽማል። በዋልታ አጠገብ 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ በምድር ወገብ ላይ ግን መታጠፉ ይጠፋል።

ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 የመረመረው ይህ ኃይል አቅጣጫን ይለውጣል እንጂ ፍጥነትን አይጨምርም፣ አይቀንስምም። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በባቲ ሙስሊሙ «ኢንሻ አላህ»፣ ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሳይል ስለ ነገ አይናገርምና፣ ፈጣሪ ለፍጡር የሰጠውን አቅም ሳይነሣ መንገዱን ሊመራ ይችላልን የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም የእረኛውም ነው። መግቦትን ከተቀበልን ነጻ ፈቃድን መካድ ግድ ነው የሚሉ ሰዎች፣ መምራት ሁሉ አቅምን መንጠቅ ይመስላቸዋል፤ የባሕሩ ሥርዓት ግን እንዲህ አለመሆኑን ይመሰክራል። ምሳሌው ከልኩ እንዲያልፍ ግን አልፈቅድም፤ ውኃው የሚመልሰውን ኃይል እንቢ ሊል አይችልም፣ ሰው ግን ይችላል፣ ኃጢአትና ጽድቅም የሚቆጠሩለት ስለዚህ ነው።