የፎልደር ስም ስታሳጥሪ

ልጄ፣ በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች መረጃ ላይ ልትሠሪ ነውና ኤዲተርሽን ከማስተካከልሽ በፊት ይህን ስሚኝ። ለየወረዳው ፎልደር አለ፤ በውስጡ የየዓመቱ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ «መዝገብ» የሚባል ፋይል። የፋይሉ ስም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። የእነማይ ገበሬ የማዳበሪያ ጥያቄ በእናርጅ እናውጋ መዝገብ ቢገባ ኮምፒውተሩ አይከለክልሽም፤ ክረምት ሲገባ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል።

ቪኤስ ኮድ ሳይነካ ሲቀር ታቡ ላይ የፋይሉን ስም ብቻ ያሳያል። ፎልደሩን የሚጨምረው ስማቸው አንድ የሆነ ፋይሎች አብረው ሲከፈቱ ነው። አንዱን ብቻ ከፍተሽ ስትሠሪ የማን መዝገብ እንደሆነ አይነግርሽም። ሴቲንግ ውስጥ «ሌብል ፎርማት» የሚለውን ፈልጊ። «ሾርት» ካልሽው ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ብቻ ያሳይሻል፤ እሱም 2016 ነው፣ 2016 ደግሞ ሁሉም ወረዳ አለው። «ሚዲየም» አድርጊው፤ ከከፈትሽው ዋና ፎልደር ጀምሮ ያለውን መንገድ ያወጣልሻል። ታቡ ይረዝማል፤ ይርዘም!

በቪም የምትሠሪ ከሆነ ታቦቹ ላይ እያንዳንዱ ፎልደር ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። ደጀን፣ ደባይ ጥላት ግንና ደብረ ኤልያስ ሦስቱም «ደ»፣ እነማይና እናርጅ እናውጋም «እ» ይሆናሉ። የታቡን መስመር ራስሽ ስትጽፊው ግን «ፓዝሾርትን» ለሚባለው ፈንክሽን የፊደሉን ብዛት መስጠት ትችያለሽ። 2 ስትይው ደጀ፣ ደባ፣ ደብ፣ እነ፣ እና ብለው ይለያያሉ። ይህ የፊደላችን በረከት ነው፤ ስሞቹ በላቲን ተጽፈው ቢሆን ሁለት ፊደል አይለያቸውም ነበር። የደብረ ማርቆስ ከተማ ፎልደር ሲመጣ ግን «ደብ» ከደብረ ኤልያስ ጋር ይጋጫል። ያኔ 5 አድርጊው፤ «ደብረ_ማ» እና «ደብረ_ኤ» ይወጣሉ።

ደብዳቤ ላይ እንደለመድነው «ደ/ማርቆስ» ብለሽ ፎልደር እንዳትሰይሚ። ሊኑክስ ስላሿን የፎልደር መለያ አድርጎ ያነባታል፤ ዊንዶውስም በስም ውስጥ አይቀበላትም።

ኢማክስ የግል ፎልደርሽን «~» ብሎ ያሳጥራል። ምልክቱ ለአንቺ የአንቺን፣ ለባልደረባሽ የእሱን ፎልደር ያመለክታል። ስለዚህ የፋይል ቦታ በቴሌግራም ስትልኪ አጭሩን አትላኪ። በቪኤስ ኮድ ከሆንሽ ታቡን በቀኝ ተጭነሽ «ኮፒ ፓዝ» በይና ሙሉውን ላኪለት።