ጀፎረ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ የሚሄድ፣ ወይም በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በእንሰቱ ላይ ነው። ልምላሜው የሚያስደስት ስለ ሆነ አይፈረድበትም። ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ወደ ጉራጌ መንደሮች የዘለቀ እንደ ሆነ ግን፣ ይበልጥ ሊመረምረው የሚገባውን ጀፎረን ያገኛል።

ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊና ሣራማ የመንደር ጎዳና ነው። ሠርግ ይታጀብበታል፤ ለቅሶ ይቀመጡበታል፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ታዲያ መሬት በጠበበበት አገር፣ ይህ ለም ሜዳ በደጁ ተዘርግቶ ሳለ፣ ሰው እንዳያጥረው የሚከለክለው ምንድን ነው? ፍቅር ነውን? ወይስ የጎረቤት ዓይንና የሽማግሌ ፍርድ?

እኔ እንደሚመስለኝ ፍቅር ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚዋደደው አብሮ ሲኖርና አብሮ ሲቀብር ነው፤ አብሮ ለመኖር ደግሞ አስቀድሞ ያልታጠረ ስፍራ ያስፈልገዋል። ያን ስፍራ የሚጠብቀው ሕግ ነውና፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ቂጫ የሚባለውን የአገር ሕግ የፍቅር ሞግዚት ብለው ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ሞግዚትም ቢሆን ግን ሊያዳላ ይችላል። እንሰቱ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ሲደርስ፣ ፍቆና ጨምቆ ቆጮ የማድረጉ ድካም የሴቶች ነው፤ በሸንጎ የሚፈርዱት ግን ወንዶች ነበሩ። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችን አስከትላ በየጆካ ሸንጎ ፊት ስለ ጋብቻ ሕግ መሟገቷ ይተረካል። ኅብረትን የምናወድስ ሰዎች ይህችን ሴት ብንዘነጋ ውዳሴያችን ጎዶሎ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደግሞ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ገንዘብ እያዋጣ የትውልድ አገሩን መንገድ አሠራ። የጎረቤት ዓይን እስከ መርካቶ ድረስ ተከትሏቸው ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ቢከተላቸውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል ብቻ ለሚመለሱበት መንደር መንገድ ማሠራት ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ በአንዳንድ መንደር አጥር ወደ ጀፎረው መግፋት ጀምሯል። አንድ ክንድ የገፋ ሰው የሚያገኘው ለጥቂት መደብ ጎመን ይበቃው ይሆናል። በቤቱ ኀዘን በገባ ቀን ግን፣ ለቀስተኛው የሚቀመጥለት በዚያው ባጠበበው ሣር ላይ ነው።