ወደ ቅዱሳት መካናት ስለ መሄድ፤ ብቻ ነውን ወይስ ከማኅበር ጋራ?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፣ ኅዳር 21 ቀን ወደ አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ በልደትም በዓል ወደ ላሊበላ ለመሳለም ምእመናን ስንቃቸውን ቋጥረው ይነሣሉ። ከመነሣታቸውም አስቀድሞ ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው ከሚጠይቁት ነገር አንዱ፣ «አባቴ፣ ብቻዬን ልሂድ ወይስ ከማኅበሩ ጋራ ልሂድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የመኪና ኪራይ ጉዳይ ነው ብሎ «እንደ ተመቸሽ አድርጊ» የሚል ካህንም አይታጣም። ነገር ግን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ብቻውን የሚቆምበትንና ከወንድሞቹ ጋራ የሚቆምበትን ጊዜ መለየት የመንፈሳዊ ሕይወት ትልቅ ክፍል ስለ ሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከመንገድ ይልቅ ስለ ልብ የተጠየቀ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ነገር በመጠኑ መርምረን የሚመስለንን ለመናገር ወደድን።

ብቻውን መሄድን የሚመርጥ ሰው ከመጻሕፍት ብዙ ምስክር አለው። ያዕቆብ ከአባቱ ቤት በወጣ ጊዜ ከበትሩ በቀር ምንም አልነበረውም፤ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ ያየውም ድንጋይ ተንተርሶ ብቻውን በተኛባት ሌሊት ነው። ኤልያስ ወደ ኮሬብ ሲሄድ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ጌታችንም ሕዝቡን ካሰናበተ በኋላ ይጸልይ ዘንድ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ። በሀገራችንም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላና በምድረ ከብድ ከአንበሶችና ከነብሮች በቀር ጓደኛ ሳይሹ መኖራቸውን ሁላችን ከገድላቸው ስንሰማ አድገናል። የብቻ መንገድ ጥቅሙም የታወቀ ነው፤ አንደበት ያርፋል፣ ሰው ለመታየት ብሎ የሚያደርገው ነገር ይቀራል፣ በከተማ ጩኸት ተሸፍኖ የኖረ ኀጢአት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ራሱን ይገልጣል። በእግሩ ወደ ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ነገር ግን የኤልያስን ነገር እስከ መጨረሻው ልናነበው ይገባናል። ብላቴናውን ትቶ የሄደው ነቢይ የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄደ ከዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአክ እንጀራና ውኃ ባያቀርብለት ኖሮ ወደ ኮሬብ ባልደረሰም ነበር። በተራራውም ላይ እኔ ብቻዬን ቀረሁ እያለ ሁለት ጊዜ አቤቱታውን አሰማ፤ እግዚአብሔር ግን ለጣዖት ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም ይቀባ ዘንድ በመጣበት መንገድ መለሰው። ብቻውን መሆኑ እውነት ነበረ፤ ብቻውን ቀርቶ ያሰበው ነገር ግን እንዳሰበው አልነበረም። ታላቁ ነቢይ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ትልቁ አደጋ ወንበዴው ወይም አውሬው አይመስለንም። ትልቁ አደጋ የሚያርመው ሳይኖር ከራሱ ጋራ ሲነጋገር መዋሉ ነው።

ይህን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ በሥጋው ያውቀዋል። እኛም ከቅኔ ቤት ወደ ድጓ ቤት በተሻገርንበት ዘመን ደበሏችንን ለብሰን፣ አኮፋዳችንን አንግተን ስንሄድ መንገዱን ለቀለም መከለሻ እናደርገው ነበር። ብቻውን የሚሄድ ተማሪ ዜማውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያለ ከጋራ ጋራ ይሻገራል፤ ጣፋጭ ነገር ነው፣ የሚከለክለውም የለም። ነገር ግን በአንዲት ምልክት ላይ ቢሳሳት ያችኑ ስሕተት ቀኑን ሙሉ ሲያመላልሳት ይውልና፣ ማታ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ አልነቀል ትለዋለች። ጓደኛ ያለው ተማሪ ግን ገና ከአፉ ስትወጣ «ተው፣ እንዲህ አይደለም» ይባላል፤ ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ ይታረማል። ስለ መንደር ውሾች ነገርም ሁለት መሆን አንድ ከመሆን እንደሚሻል ያላየ የቆሎ ተማሪ የለም።

እንግዲህ ማኅበርን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት ከዚህ የተነሣ የጸና ይመስላል። የኦሪት ሕግ እስራኤል በዓመት ሦስት ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት እንዲታዩ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ በአንድነት ይወጣ ነበር፤ የመዓርግ መዝሙር የተባሉት አሥራ አምስቱ መዝሙራትም በዚያ መንገድ ይዘመሩ ነበር ይባላል። ጌታችን ሐዋርያቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። ጦቢትም ልጁን ወደ ሩቅ ሀገር በላከው ጊዜ አስቀድሞ የታመነ ጓደኛ ይፈልግ ዘንድ አዘዘው፤ ልጁም ያገኘው ጓደኛ ሳያውቀው መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ነበረ።

ይሁን እንጂ የማኅበር መንገድ ፈተና ምን እንደ ሆነ ከቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ይበልጥ የሚያስረዳን የለም። ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ በዓል ከእመቤታችንና ከዮሴፍ ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በዓሉ ተፈጽሞ ሲመለሱ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ እነርሱ ግን ከመንገደኞቹ ጋራ ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከመተርጉማን ወገን፣ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ ይሄዱ ስለ ነበረ እርሷ ከዮሴፍ ጋራ ነው ስትል፣ እርሱም ከእናቱ ጋራ ነው ሲል ዋሉ የሚሉ አሉ። ይህን ያነሣነው በእመቤታችን ላይ ነቀፋ ለማምጣት አይደለም፤ ከእኛ ይራቅ። የተጻፈው ለእኛ ነው፤ ብዙ ሆነን በምንሄድበት ጊዜ እያንዳንዳችን «ከሌላው ጋራ ነው» እንላለንና። በአውቶቡሱ ውስጥ ሰባኪው በድምፅ ማጉያ ይሰብካል፣ ዘማርያኑ ይዘምራሉ፣ ከበሮው ይመታል። አንዱም መንገደኛ መንገዱ ሁሉ ጸሎት የሆነ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ አንድ ጊዜ እንኳ አቡነ ዘበሰማያት ሳይል ስልኩን ሲነካካ ደርሷል። ደግሞም ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ሕፃኑ የታጣው ሲወጡ አይደለም፣ ሲመለሱ ነው። ሲሄድ ሁሉም ይጠነቀቃል። ስንመለስ ግን በዓሉን አክብረናል፣ ጸበሉን ይዘናል፣ እንግዲህ ምን ቀረ እንላለን፤ የመመለሻው መኪናም የሣቅና የሐሜት መኪና ይሆናል።

ስለ መንገድ ደኅንነት የሚነገረውን በአጭሩ እንለፈው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ብቻውን የወረደው ሰው በወንበዴዎች እጅ ወደቀ፤ ነገር ግን ብዛትም ሁልጊዜ ጋሻ አይሆንም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መነኮሳይያትም ጭምር በአንድነት ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ሱአኪን ሳይደርሱ እንደ ተያዙ፣ ሽማግሎቹ እንደ ተገደሉ፣ ወጣቶቹም በባርነት እንደ ተሸጡ፣ ያመለጡትም ጥቂቶች ብቻ እንደ ነበሩ ጽፏል። በእኛም ዘመን፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ የተዘጋው ለብቸኛውም ለማኅበሩም እኩል ነው። መንገዱ በማያስተማምንበት ጊዜ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ብሎ መነሣት እግዚአብሔርን መፈታተን ይሆናልና፣ ካህኑ አንድ ቢሆኑም መቶ ቢሆኑም «ቆዩ» ሊላቸው ይገባል።

የነገሩ ቁልፍ በቁጥር ላይ ካልሆነ በምን ላይ ነው? ለእኛ የሚመስለን ያዕቆብ በኋላ ዘመን ባደረገው ነገር ላይ ነው። ያ በበትሩ ብቻ የወጣው ያዕቆብ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚስቶቹ፣ ከልጆቹና ከመንጋው ጋራ ሲመለስ ዔሳው አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ ተቀበለው፤ ታረቁም፤ ዔሳውም አብረን እንሂድ አለው። ከአራት መቶ ጦረኞች ጋራ መሄድ ምንኛ የተጠበቀ መንገድ ነው! ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች፣ በጎቹና ላሞቹም የሚያጠቡ እንደ ሆኑ፣ አንድ ቀን እንኳ በችኮላ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ ነገረው፤ በልጆቹ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚከተለውም ተናገረ። ጠንካራውን ማኅበር አሰናብቶ ከደካማው ማኅበር ጋራ ቀረ።

ስለዚህ ሰው «ከማኅበር ጋራ እሄዳለሁ» ሲለን፣ ማኅበሩ የሚሄደው በማን እርምጃ ነው ብለን እንጠይቀዋለን። ዛሬ በየከተማው ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ብዙዎች ናቸው፤ ብዙ በጎ ነገርም ሠርተዋል፤ ገዳም አይቶ የማያውቀውን ወጣት ወደ ገዳም አድርሰዋል፣ ለተቸገሩ ገዳማት እህልና ጧፍ ወስደዋል። ነገር ግን በሦስት ቀን አምስት ገዳም እናሳልማችኋለን የሚል ማስታወቂያ ባየን ጊዜ እናዝናለን። ቅዳሴው ሳይፈጸም ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ጉልበቷን የሚያማት እናት ገና ደጀ ሰላሙን እንደ ተሳለመች «እማማ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» ተብላ በክንዷ ተይዛ ትመለሳለች። ይህች እናት በስድሳ ሰው መካከል ሆና ብቻዋን ናት። የጉዞው ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ድኻም ከመጀመሪያው አልተቈጠረም። ብቻውን የሚሄደውም ሰው ቢሆን ማንንም ሳይጠብቅ ለማንም ሳይዘገይ በራሱ እርምጃ ስለሚሄድ፣ ጾሙም ስግደቱም ዕረፍቱም እርሱ እንደ ወደደ ነው፤ ራሱን የካደ እየመሰለው የገዛ ፈቃዱን ሲፈጽም ሊውል ይችላል።

ስለ ኢየሩሳሌም መንገድ ስንናገር የራሳችንን ሰው ልንረሳ አይገባንም። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ይህ ሰው የመመለሻውን መንገድ በከንቱ ያላሳለፈ ሰው ነው። ሠረገላ ነጂ ቢኖረውም ለንባቡ ብቻውን ነበረ፤ የሚያነበውንም አላስተዋለም። ፊልጶስ ቀርቦ ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ የሹመቱን ክብር ሳያስብ የሚመራው ሰው እንደሌለ ተናገረ፤ አቧራ ለብሶ በእግሩ ሲሮጥ የመጣውንም መንገደኛ ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ከተጠመቀም በኋላ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባውም ከዚያ በኋላ አላየውም። እንግዲህ ያለ አስተማሪ እንዴት እሆናለሁ አላለም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ጓደኛው የተሰጠው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበረ፤ ጓደኛውን ሲቀበልም ሲለየውም አላጉረመረመም። ዛሬም ከሀገር ውስጥም፣ በአሜሪካና በአውሮፓም ከሚኖሩት ወገኖቻችን፣ ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ዴር ሱልጣን ገዳማችንን የሚሳለሙ ብዙዎች ናቸው፤ ከመነሣታቸው በፊት ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ከስንቅ ሁሉ ይሻላቸዋል።

ተስዓቱ ቅዱሳንም በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ሀገራችን የመጡት በአንድነት ነው፤ ከመጡ በኋላ ግን አባ ጰንጠሌዎን በአክሱም አጠገብ፣ አባ ገሪማ በመደራ፣ አባ አፍጼ በይሓ፣ አቡነ አረጋዊም በደብረ ዳሞ ለየብቻ ተቀመጡ። ዛሬም ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ወንድ ሁሉ በገመድ ነው የሚወጣው፤ ገመዱ ሁለት ሰው አይዝም፤ ነገር ግን ከላይ ሆኖ የሚስብ መነኩሴ ከሌለ ማንም አይወጣም።

ከአባቶች ወገን ወደ ቅዱሳት መካናት መሄድን ራሱን በጥንቃቄ ያዩ መኖራቸውም ይታወቅ። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በጻፈው አንድ ደብዳቤ፣ ይህ መንገድ ከጌታ ትእዛዛት እንዳልተቈጠረ፣ ቦታ መለወጥም ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ አስረድቷል፤ ደናግል በየማደሪያው በሚደርስባቸው ፈተናም አዝኗል። ደብዳቤውን አንብቦ በዓልን የሚንቅ ሰው ቢኖር አላስተዋለውም፤ እርሱ ራሱ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዷልና።

እንግዲህ «ብቻዬን፣ በባዶ እግሬ ወደ ግሸን እሄዳለሁ ብዬ ተስያለሁ» የምትል መበለት ብትመጣ ካህኑ ምን ይበላት? ስእለቷን አያቃልልባት፤ ግን ብቻዬን ያሰኛት ምን እንደ ሆነ ይጠይቃት። ልጅዋን ቀብራ ሰው ማየት ያስጠላት ከሆነች፣ ብቻዋን አይልቀቃት፤ ያ የኤልያስ ዛፍ ነው። በቤት ጣጣና በልጆች ጩኸት ለዓመታት አንድ ዳዊት ጨርሳ መድገም ያልቻለች ከሆነች ግን፣ ስድሳ ሰው በተጫነበት መኪና መስደድ ጥማቷን በጨው ውኃ ማስታገሥ ነው። ለእኛ ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ከአንድ የጽዋ ማኅበር ሦስት ወይም አራት ሆኖ መሄድ ይመስለናል፤ ከመካከላቸው በደከመው እርምጃ ሊሄዱ ተስማምተው፣ ከንጋት እስከ ቀትር ማንም ለማንም ሳይናገር እያንዳንዱ ዳዊቱን እየደገመ፣ በቀትር እንጀራውን በአንድነት ቆርሶ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ከመነሣታቸውም በፊት በቤት የሚቀረውን በሽተኛ ማን እንደሚያስታምመው ይነጋገሩ። ስለዚህም ምክንያት ከመካከላቸው አንዱ ቢቀር፣ የክርስትና ስሙን ጽፈው ይያዙለትና ከራሳቸው ስም አስቀድመው በቅዳሴው ጊዜ ለካህኑ ይስጡት።