ጣሳው ውስጥ የጣልነው ምንድን ነው?

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። አንድ ሐሙስ ወደ ደብረ ታቦር ስናልፍ፥ ከእህል ተራው ጥግ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ማሲንቋቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘን። መሪ ልጃቸው ከጎናቸው ነው። እርሳቸው ገና ጭራውን ያጠብቃሉ። ከመካከላችን አንዱ ሳንቲም ጣሳው ውስጥ ጣለና ዞር አለ። ቅጭል ሲል ሽማግሌው ቀና ብለው፥ «ልጆቼ፥ ገና አልጀመርሁም እኮ!» አሉን። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ አፈርን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ እፍረት ነው።

የጣልነው የምን ዋጋ ነው? የዜማ እንዳንል፥ ዜማውን አልሰማንም። እንግዲያው የከፈልነው ለዓይናቸው ነው። ምጽዋት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ አገራችን በምጽዋት ስንቱን አኑራለች! ነገር ግን ሠራተኛን «ለማኝ» ብሎ መመጽወት ሙያውን ከእጁ መንጠቅ አይሆንም ወይ?

የኖረውን ልማድ እንመልከት። «ላሊበላ» ወይም «ሐሚና» የሚባሉት ዜመኞች ጎሕ ሳይቀድ ከየደጃፉ ቆመው ያዜማሉ፤ ሲሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ። ዜማውን ካቋረጡ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ጤነኞች ሆነው ሳሉ ሕዝቡ ከድምፃቸው በፊት የሚያስበው በሽታውን ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ተሕዋስ አገኘ፤ ሥጋ ደዌ ከዘር የሚወርድ እርግማን እንዳልሆነ ታወቀ። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አለርት ተቋቋመ፤ ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። ሰውን በበሽታው መመዘን ግን መድኃኒቱን ተከትሎ አልጠፋም።

በውጭው ዓለም ደግሞ ገላው ራሱ ትርኢት ሆኗል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሜሪክ (1862–1890 እ.ኤ.አ.) አካሉ ከልጅነቱ ጀምሮ እያበጠና ቅርፁን እየለወጠ ሄደ። ከድሆች ማጎሪያ ለመውጣት ሲል በ1884 እ.ኤ.አ. «የዝሆን ሰው» ተብሎ በገንዘብ መታየትን ራሱ መረጠ። ቤልጂግ ውስጥ ያጠራቀማት ገንዘብ ተዘረፈች፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ለንደን ተመለሰና ሆስፒታል ገባ። እዚያም የመሳፍንት ወገኖች እየመጡ ጎበኙት። የፊተኞቹ በሳንቲም አዩት፥ የኋለኞቹ በርኅራኄ። እስቲ ፍረዱ፤ ርኅራኄ ብቻውን ዓይንን ንጹሕ ያደርጋልን?

«እንግዲያው ትርኢቱን መከልከል ነዋ!» የሚል ይኖራል። ፈረንሳይ ሞክራዋለች። በተፈጥሮው ቁመቱ እጅግ አጭር የሆነ ሰው፥ መከላከያ ልብስ ለብሶ በጭፈራ ቤት እየተወረወረ ይተዳደር ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የሞርሳንግ ሱር ኦርዥ ከንቲባ ከለከሉ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት «የሰውን ክብር ይነካል» ብሎ ክልከላውን አጸና። ሰውየው ግን «እንጀራዬን ነጠቃችሁኝ» ሲል እስከ ተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ደረሰ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አልተቀበሉትም። በእኛ እምነት ፍርዱ ግማሽ እውነት ነው። ክብርን ጠብቆ እንጀራን የማይተካ ሕግ፥ የራበውን ሰው በክብር ያስርበዋል።

እንግዲህ መለኪያው ምንድን ነው? ሁለት ጥያቄ እናቅርብ። አንደኛ፥ ሰውየው «እምቢ» ለማለት ይችል ነበርን? ሜሪክ ምርጫ ነበረው ብንልም፥ ምርጫው በማጎሪያና በትርኢት መካከል ነበር። የእኛ አገር ዓይነ ስውርስ ከማሲንቆና ከልመና ሌላ ምን በር ተከፈተለት? አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደንግጓል። አዋጁ መልካም ነው፤ በሩን የሚከፍተው ግን በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ነገ እኛም ከዚያ ወንበር እንቀመጣለን።

ሁለተኛ፥ ሥራው እንደ ሥራ ይመዘናልን? ዜማው ሳይጥመን «አይጥምም» ለማለት ካልደፈርን፥ «ግሩም ነው» ስንልም ውሸታችንን ነው። የማይነቀፍ ሰው በእውነትም አይመሰገንም።

«ረሃብ የእናንተን ጆሮ አይጠብቅም፤ ሳንቲም ሳንቲም ነው» ብትሉን፥ እውነት ነው፤ ስጡ። ነገር ግን ሰጥታችሁ አትሩጡ።

በዚያ ሐሙስ ተመልሰን ከሽማግሌው ፊት ተቀመጥን። ጀመሩ። ሲጨርሱ ያው ሳንቲም የጣለው ጓደኛችን እየፈራ፥ «አባባ፥ የመጨረሻው ላይ ድምፁ ሻከር አለብኝ» አላቸው። አልተቆጡም። ጭራውን በጣታቸው ዳሰሱና፥ «እውነትህን ነው ልጄ፤ ጭራው አርጅቷል፥ መለወጥ አለበት» አሉት።