ሲራክ ስለ ቀጥቃጩ የተናገረው

መጽሐፈ ሲራክን የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወዳጅና ስለ አንደበት የሚመክረውን ይዞ ይሄዳል። እኔን የያዘኝ 38ኛው ምዕራፍ ነው። ጸሐፊው እዚያ ላይ ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በየተራ ያያቸዋል። ቀጥቃጩ ከመስፉ አጠገብ ተቀምጧል፤ ወላፈኑ ሥጋውን ይፈጀዋል፣ የመዶሻው ጩኸት ከጆሮው አይጠፋም፣ ዓይኑ ግን ከሚሠራው ዕቃ አይነቀልም። እንዲህ ብሎ ለመጻፍ እሳት ዳር ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ሁለቱንም እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አገኛቸዋለሁ።

ሲራክ ያለ እነዚህ ሰዎች ከተማ አይቀናም ይላል። ዓለምን ደግፈው የያዙት እነርሱ ናቸው፣ ጸሎታቸውም በሥራቸው ውስጥ ነው ይላል። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሕዝብ ሲማከር አይጠሩም፣ በዳኛ ወንበርም አይቀመጡም። ጥበብ ፋታ ያለውን የመጽሐፍ ሰው ትፈልጋለች፤ በሬ የሚነዳ ሰው ልቡ ከበሬው አይወጣም። ከዚህ ቃል ጋር ለዓመታት ስሟገት ኖሬአለሁ። መጽሐፉ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነውና በአክብሮት ነው የማነበው። ጥያቄዬ ግን አልተወኝም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚነግረን እግዚአብሔር የወደደውን ሥርዓት ነው ወይስ በዘመኑ ከተማ ያየውን የሰው ወግ? እኔ የሰው ወግ ነው ባይ ነኝ። ይህን የምለው የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ኦሪት ዘፀአት ስለሚያስገድደኝ ነው።

ወደ ዘፀአት ከመሄዴ በፊት ግን ሥራዬን ልናገር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብየዳና ብረታ ብረት አስተምራለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች በሌላው በር ሁሉ የተመለሱ ናቸው። ጎዳና ላይ ያደገ አለ፣ ሊስትሮ የነበረ አለ፣ ሕንጻ ሥር ፌሮ ሲሸከም የኖረ የቀን ሠራተኛ አለ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች አለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ፈተና የወደቁት ተጨምረዋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ያን ጊዜ ስንቱ ቤት እንደ ኀዘን ቤት ሆኖ እንደሰነበተ እናስታውሳለን። ለልጁ የተነገረው ማጽናኛም «በቃ፣ ቴክኒክና ሙያ ግባ» የሚል ነበር። አንድ አባት ልጁን ይዞልኝ መጥቶ ልጁ እየሰማ «ጭንቅላቱ እምቢ ሲል ጊዜ እጁ ይሞከር ብዬ ነው» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ እንዲያ እያሰብን ነው ያደግነው። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ቀና ብሎ አላየኝም።

ይህ አስተሳሰብ ሥሩ ሩቅ ነው። እኔ ባደግኩበት በሰሜን ሸዋ ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ይዞ በጠዋት ከአባቴ ወናፍ ሥር ይቀመጣል፤ ምሳ ሲቀርብ ግን ይነሳል። ከእኛ ቤት እህል አይቀምስም፤ ቡዳ ነን። በጎንደር ዙሪያ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩና ግንብ ሲገነቡ የኖሩት ቤተ እስራኤሎችም ይህንኑ ስም ተሸክመዋል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያን መድፍ እንዲሠሩ፣ የአገሬውንም ሰው እንዲያስተምሩ ያደረጉት ጥበቡ ከአገሩ እንዲገባ ጓጉተው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ ተከፈተ። አዋጁም ትምህርት ቤቱም መልካም ነበሩ፤ ያ ገበሬ ግን ከምሳችን መነሳቱን አልተወም። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይህን ያደረግነው አማኞች ሆነን መሆኑ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መላእክት ሌሊት እየወረዱ ከጠራቢዎቹ ጋር ይሠሩ ነበር ብለን እናምናለን። መልአክ መሮ ሲጨብጥ ክብሩ አልጎደለበትም። ጌታችንም በናዝሬት የሚታወቀው በጸራቢነቱ ነበር። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ሰብኳል። ይህን ሁሉ በየበዓሉ እየሰማን መሮ ከጨበጠው ጎረቤታችን ጋር ማዕድ አንቆርስም ነበር።

ሥራ እርግማን ነው የሚሉኝ ሰዎች ወደ ኦሪት ዘፍጥረት 3ኛ ምዕራፍ ይወስዱኛል። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቢመለሱ አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተሰጠው ከውድቀቱ በፊት መሆኑን ያያሉ። ከውድቀት በኋላ የመጣው ላቡና እሾሁ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የልጆቼን ታሪክ የማገኘው ከዘፀአት ነው።

እስራኤል በግብፅ ጡብ ይሠሩ ነበር። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ አስገባሪው ቆሞ ጡቡን ይቆጥራል፣ ጭድ ነስቶ ቁጥሩ እንዳይጎድል ይላል። ከዚያ ወጡ። 31ኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በጥበብ፣ በማስተዋልና በእውቀት መንፈሱን ይሞላዋል። ይህ መንፈስ የሚሰጠው ትንቢት እንዲናገር አይደለም፤ ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ትናንት ጡብ ይቆጠርበት የነበረ ሕዝብ ልጅ ነው። እጁ ያው ነው፣ ላቡም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ በጡቡ ሥራ ማሰብ የአስገባሪው ነበር፣ በመገናኛው ድንኳን ሥራ ግን ባስልኤል ያስባል፣ ይለካል፣ ይወስናል። ወረድ ብሎ 35ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ እርሱና አብሮት የተመረጠው ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩ እግዚአብሔር ይህንንም በልባቸው እንዳኖረ ተጽፏል። የእጅ ሥራ ማስተማርም ከዚያው መንፈስ ነው ማለት ነው።

የቀን ሠራተኛ የነበረውን ልጅ ልውሰድ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ፌሮ ሲያወጣ ኖሯል። ከእርሱ የሚጠበቀው ትከሻው ብቻ ነበር፤ ፌሮው የት እንደሚገባ፣ ለምን በዚያ ውፍረት እንደተመረጠ የሚነግረው ቀርቶ እንዲጠይቅ የሚፈቅድለት አልነበረም። እኔ ጋ ሲመጣ በመጀመሪያ ያስተማርኩት መለካት ነው። የበር ፍሬም ሲሠራ አራቱን ጎን መለካት አይበቃም፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ያስፈልጋል፣ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተጣሟል። ቀጥሎ ቱቦላሬውን በነጥብ በነጥብ ማያያዝ፤ አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው በይዶ ወደ ሌላው የሄደ እንደሆነ ሙቀቱ ብረቱን ይስበዋል። ስስ ላሜራ ላይ ኤሌክትሪኩን ከፍ ካደረገ ይበሳዋል፣ ዝቅ ካደረገ ከላይ ብቻ ይለጠፍና ውስጡ ሳይያያዝ ይቀራል። ይህ ሁሉ ፍርድ ነው። መጽሐፍ ያላየ ዓይን በሁለት ሴኮንድ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሲራክ ለጥበብ ፋታ ያስፈልጋል ሲል ይህችን ፋታ አላያትም፤ ሥራው ውስጥ ናት፣ ከሥራው ውጭ አትገኝም።

ጎዳና ላይ ላደጉት ደግሞ ብረት ሌላም ነገር ያደርጋል። ጎዳና የሰው ፊት ማንበብ ያስተምራል። ማን ይሰጣል፣ ማን ይመታል፣ ለየትኛው ማልቀስ፣ ለየትኛው መሳቅ ያዋጣል፤ ልጁ በዚህ ተርፏል፣ በዚህ ስለተረፈ አልወቅሰውም። ብረት ግን አይለመንም። አይዋሽም፣ አያዳላም፣ የአባትህን ስም አይጠይቅም። ብየዳው ውስጥ ቆሻሻ ከቀረ በግራይንደር አስተካክለህ፣ አንቲረስት ቀብተህ ማሳመር ትችላለህ፤ በሩ ግን አንድ ቀን ከማጠፊያው ይወልቃል። በአንድ ወቅት ከልጆቼ አንዱ እንዲህ የተሸፈነ ብየዳ ይዞልኝ መጣ፤ ምንም አላልኩትም፣ ሞርሳ ላይ አስሬ መዶሻ ሰጠሁት። ራሱ መታው፣ ራሱ ሰበረው። ከዚያ ወዲያ ሳይጠየቅ እየሰበረ ያያል። ይህን ኅሊና ነው የምለው፤ ሌላ ስም ካለው የሚያውቅ ይንገረኝ። አባ እንጦንስ በበረሃ ሐሳቡ ተበትኖ ሲጨነቅ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነስቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ገመዱን ሲይዝ አይቷል፤ መልአክ ነበር። ገመዱ ለጸሎቱ ምን እንደሚያደርግለት የገባኝ ልጆቹን ሳይ ነው።

ከኩዌት የተመለሰችው ልጅ አሁን የራሷ ሥራ አላት። የሰፈራችን እድር የድንኳን ብረት ሊያሠራ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ዋጋ ሊጠይቁ ጠሯት። እርሷ ዋጋ ከመናገሯ በፊት የመረጡትን ቧንቧ አይታ ግድግዳው ስስ ነው፣ በነፋስ ይታጠፋል አለች። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሯት። ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ነጋዴ አለ፤ እርሷ በሰው ቤት ዕቃ ስታጥብ የኖረች ልጅ ናት። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ «ልጄ፣ እንግዲህ አንቺ ያልሽው ይሁን» አሉ። ከሙያዋ ያገኘችው ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለእናቷ መድኃኒት ጠቅሟል፤ ያን አላቃልልም፣ የተራበ ሰው ስለ ክብር ከመስማቱ በፊት መብላት አለበት። ቢሆንም ከገንዘቡ በላይ የሆነ ነገር በዚያ ሰዓት ተደርጎላታል። ቃሏ ለሰው አስፈላጊ ሆኗል።

ሁሉም እንዲህ አይሆኑም። ሥልጠናውን ጨርሰው፣ ደረጃ 2 የብቃት ምዘናውን አልፈው፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ቤት የተቀመጡ አሉኝ። ማሽን የላቸውም፣ ሼድ በወረፋ ነው፣ መብራት ይጠፋል። አንዱ ወደ ሸክሙ ተመልሷል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሌላ መንገድ ይይዛል። ስለዚህ «እጅህ ላይ ሙያ አለ፣ ከእንግዲህ ያንተ ፋንታ ነው» ብሎ መሸኘት ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ዘፀአትም እንዲህ ብሎ አላቆመም። ባስልኤል መንፈሱን ከእግዚአብሔር ሲቀበል ወርቁን፣ ናሱን፣ ግምጃውንና እንጨቱን ያመጣው ሕዝቡ ነው። እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ስላመጡ ሙሴ በቃ ብሎ በሰፈሩ አስነግሯል። መንፈስ የእግዚአብሔር ነው፣ ናሱ ግን ከጎረቤት ነው የሚመጣው።

ይህን ይዤ ወደ ሰንበቴያችን ሄድኩ። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን፣ ከዝክሩም አንድ ወር ቀለል አድርገን ለልጆቹ በጋራ የሚሠሩበት የብየዳ ማሽን እንግዛ አልኩ። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን አፍ አውጥተው ተቃወሙኝ። «ምጽዋት ማለት ለተራበ እንጀራ ነው። ማሽን ንግድ ነው፤ የቅዱሳንን ዝክር ቀንሰን ንግድ እናቋቁም ትለኛለህ?» አሉ። የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ከበራቸው ያለ ቁራሽ የተመለሰ ነዳይ የለም። እኔም «ጋሼ፣ ያ ልጅ ዘንድሮም ከበርዎ ቆሞ ቁራሽ ተቀብሏል፤ ለከርሞም ይቀበላል። ማሽኑ ቢኖረው የእርስዎን የብረት በር ይሠራል፣ ከሚያገኘውም ለሰንበቴው ያዋጣል። ዝክሩን ማን ነው የሚቀጥለው?» አልኳቸው። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ሆኑ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከእርሳቸው ጋር ቀሩ። ገንዘቡ እስኪወሰን ድረስ በእቁብ የጀመርነው አለ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለተቀመጠው ልጅ እንዲሆን ተስማምተናል። የሰንበቴውን ጉዳይ በሚቀጥለው ወር ተራ ይዘን እንነጋገርበታለን፤ እኔ ዘፀአት 36ን አንብቤ እመጣለሁ፣ እርሳቸውም መልስ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።