ስምን መልአክ ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው፤ ስም ከባለቤቱ ጠባይ ጋር ሳይገጥም አይቀርም ማለቱ ነው። ሕያዋንን የሚሰይሙና የሚመድቡ ሳይንቲስቶችስ በዚህ ይስማማሉ? ቡናና ቀይ ቀበሮ መልስ አላቸው።

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ባለ ሁለት ቃል የላቲን ስም ሰጠ። ፊተኛው ቃል ወገኑን፣ ኋለኛው ዝርያውን ይነግራል። የእኛ አጠራር ከልጅ ተነሥቶ ወደ አባት ይወጣል፤ የእሱ ከወገን ተነሥቶ ወደ አንዱ ዝርያ ይወርዳል። ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» አለው፤ የዓረብ ቡና ማለት ነው። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን በኩል ነበርና። የዱር ቡና ዋነኛ መኖሪያ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

ታዲያ ስሙ ለምን አልታረመም? በአሰያየም ሕግ አስቀድሞ በደንቡ የታተመ ስም ይጸናል፤ ትርጉሙ ስላሳሳተ ብቻ አይሻርም። የጅማውና የብራዚሉ ተመራማሪ ስለ አንድ ተክል እየተነጋገሩ መሆናቸውን የሚያውቁት ስሙ ሲጸና ነው። ደስታ የተባለ ሰው ቢያዝንም ደስታ ተብሎ ይጠራል። ስም ባለቤቱ የሚገኝበት አድራሻ እንጂ ስለ ባሕርዩ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። እዚህ ላይ ሳይንስ ከምሳሌያዊ አነጋገራችን ይለያል።

ምደባ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከስሜን ተራሮች ያገኘውን አውሬ በአካባቢው ስም «ካኒስ ሲሜንሲስ» አለው። እኛ በመልኩ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። ለብቻው ወገን የሰጡትም ሊቃውንት ነበሩ። በ1990ዎቹ የዘረመል ጥናት ሲደረግ ግን የቅርብ ዘመዶቹ ተኩላዎች ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ ሲሆን አውሬው አልተለወጠም፤ በባሌ ደጋ እንደ ጥንቱ ፍልፈል ያድናል። የተለወጠው ስለ ዝምድናው የሰጠነው ፍርድ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ሁለት ሰዎች በመልክ ስለተመሳሰሉ ዘመዳሞች ናቸው አይሉም፤ አያት ቅድመ አያት ይጠይቃሉ። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉ ያሳሰበውም ይኸው ነው፦ እውነተኛ ምደባ የዘር ሐረግ ቆጠራ ነው።

እንግዲህ የሕያዋን ምድብ በተፈጥሮ ያለ ነው ወይስ እኛ የፈጠርነው? እኔ ሁለቱን እለያለሁ። ስሙ የእኛ ነው፤ ተስማምተን እንሰጠዋለን፣ ተስማምተን እናጸናዋለን። ዝምድናው ግን እኛ ሳንኖር የነበረ እውነት ነው፤ ልንስተው እንችላለን፣ ልንፈጥረው ግን አንችልም። ገበሬው «ቀይ ቀበሮ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ የጠየቀው ስለ መልክ እንጂ ስለ ትውልድ አይደለምና።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይህ አውሬ በየአገሩ ከሚገኙ ቀበሮዎች አንዱ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይተርፍ ነበር። እሱ ግን ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር የትም የለም፤ የቀረውም በግምት 500 ያህል ነው። እሱ ካለቀ አንድ የዘር ሐረግ ከነሥሩ ያልቃል። ቀበሮ እንበለው ተኩላ፣ እንጠብቀው።