ተራ የደረሰው ሰው

በደሴ መንገድ ከጣርማ በር የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለ ሙቀት መውረድ የቀንን መልክም ይለውጣል። ደጋ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠበቃል። ከታች ባለው ይፋት ቆላ ግን ፀሐይ ሳትበረታ ነው ሥራው የሚገፋው።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው ቀወት ወረዳ ውስጥ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ገና ሲነጋ ማሳው ላይ ነው። ረፋዱ ሲግል ወደ ጥላ ይገባል፤ የሙስሊሙ ዙህርም እዚያው ዕረፍት መሐል ይሰገዳል። በእኩለ ቀን የሚያልፍ ደገኛ ይህን አይቶ ቆለኛን ሰነፍ ቢል አይገርምም። ንጋት ላይ አልነበረማ!

የውሃ ተራ ደግሞ ከፀሐይም ይብሳል። በባህላዊ መስኖ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው፤ ሌሊት ከደረሰህ ሌሊት ትወጣለህ። ባትሪና አካፋ የያዘው ሰው ቦዩን ከፍቶ ውሃውን እየተከተለ ይሄዳል። ውሃው የመደቡ ጫፍ ሊደርስ ሲል የመደቡን አፍ በአፈር ደፍኖ ቀጣዩን ይከፍታል። ከዘገየ ውሃው በከንቱ ይፈሳል፤ ከቸኮለ የዳሩ ሽንኩርት ይጠማል። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮህ ማን ያነሳል? ተራው ካመለጠ እስኪዞር መጠበቅ ነው። ማሾም ቢሆን ሰው አይጠብቅም፤ ደርቆ ሳይለቀም ከቆየ ፈንድቶ ይረግፋል።

እኛ ቢሮ የምንውል ሰዎች ሰዓት የሚሰፍርልን የውሃ አባት ስለሌለ ሰዓቱ ሁሉ አንድ ይመስለናል። አጀንዳ ገዝተን ቀኑን በግማሽ በግማሽ ሰዓት እንሸነሽናለን። ከዚያ የጠዋቱን ንጹሕ አእምሮ ለቴሌግራም ሰጥተን፣ ከምሳ በኋላ እያዛጋን ከባዱን ሪፖርት እንጀምራለን። ይህ በእኔ ግምት ሽንኩርት በእኩለ ቀን ለመኮትኮት ከመውጣት አይለይም፤ ልፋቱ አለ፣ ሥራው ግን አይገፋም።

ቆላውንም ከልክ በላይ ላሞግስ አልፈልግም። ባል ጥላ ሥር ጋደም ባለበት በዚያው ሙቀት ሚስት ምጣድ ጥዳ እሳት ትማግዳለች። የእሷ ቀን በፀሐይም በተራም አልተከፈለም፤ ውሃ መቅዳቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ በላይ በላዩ ይደራረባል። እንጀራው ወጥቶ ምሳው ከተነሳ በኋላም፣ ፀሐይ በረድ ስትል ማሳው ላይ ትጠበቃለች።